እፍ ሲሉት ይበርዳል፣ ሃ ሲሉት ይሞቃል

ጎረቤላ ገና አልነጋላትም፤ ማጀት ውስጥ ግን እሳቱ ከተያያዘ ቆይቷል። ኩበቱ ይጨሳል፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል እየተንጣጣ ይነድዳል፣ የባቄላው ድስት ጉልቻው ላይ ተጥዶ ይንተከተካል። ቤቱ የወዳጄ እናት ቤት ነው። ወዳጄ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው፤ «አንኮበር ከዘለቅህ እናቴ ዘንድ ሳታድር እንዳትመለስ» ብሎ ስላስማለኝ ትናንት አመሻሽ ላይ በብርድ ተኮራምቼ ደጃፋቸው ደረስኩ። እትዬ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው፣ ጋቢ ደርበውልኝ፣ ጠላ ቀድተውልኝ፣ ከምድጃው አጠገብ አስቀመጡኝ። ዛሬም ከዚያው ነኝ።

የልጅ ልጃቸው ከመኝታው ተነስቶ መጣ። ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። በነጠላ እንደተጀቦነ ምድጃው ዳር ቁጢጥ አለና መዳፎቹን ገጥሞ «ሃ… ሃ…» አለባቸው። እትዬ ሻይ በብርጭቆ ሰጡት። ብርጭቆውን በነጠላው ጫፍ ይዞ «እፍ… እፍ…» ማለት ጀመረ። ሦስት ጊዜ እፍ ብሎ ቆመ። ሻዩን አየ፣ እጁን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ጋሼ፣ እጄን ያሞቅሁት በአፌ ነው፤ ሻዩን የማበርደውም በአፌ ነው። አፌ ውስጥ ያለው ሙቅ ነው ወይስ ቀዝቃዛ?»

«የዚህ ልጅ ቁርሱ ጥያቄ ነው» አሉ እትዬ። «ትናንት ደግሞ ዶሮ ለምን አትሸናም ብሎ አደከመኝ።» (ዶሮዋስ ትሸናለች፤ ኩሷ ላይ የሚታየው ነጩ ነገር ሽንቷ ነው። ይህን ግን ያኔ አልተጠየቅሁም።)

እንደ ተማረ ሰው ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ጉሮሮዬ ውስጥ ግን መልስ አልነበረም። ጥያቄው ደግሞ አዲስ አይደለም። በኤዞፕ ስም ከሚነገሩት የግሪክ ተረቶች አንዱ፣ በአንድ አፉ እጁንም የሚያሞቅ ወጡንም የሚያበርድ ሰው አይቶ ደንግጦ ወዳጅነቱን ስላቋረጠ የጫካ ፍጡር ነው። ተረቱ ወዳጆቹን ያለያያቸዋል እንጂ መልሱን አይነግረንም።

መልሱ የተገኘው እዚያው እሳቱ ዳር ስንሞክር ነው። መዳፍን ከንፈር ጋ አስጠግቶ እፍ ቢሉ፣ እፍ የተባለው ትንፋሽ ሙቅ ነው። ልጁ ሞክሮ ዓይኑ ፈጠጠ። መዳፉን አንድ ክንድ ያህል አርቆ ደግሞ እፍ ሲል ቀዘቀዘው። ከአፍ የሚወጣው ትንፋሽ በእፍም በሃም አንድ ዓይነት ሙቀት አለው፤ ልዩነቱ አወጣጡ ላይ ነው። ከንፈር ሲሾጥጥ ትንፋሹ ቀጥኖና ፈጥኖ ይወጣል፤ ፈጣን ነገር ደግሞ አጠገቡ ያለውን አየር ጎትቶ ይዞት ይሄዳል። ሻዩ ጋ የሚደርሰው እንግዲህ የልጁ ትንፋሽ ብቻ ሳይሆን በአብዛኛው የጎረቤላ ማጀት ቀዝቃዛ አየር ነው። ያ ነፋስ ሻዩ ላይ ያንዣበበውን ሙቅ እንፋሎት ጠርጎ ይወስዳል፤ ሻዩ በምትኩ ሌላ እንፋሎት ለማውጣት ከራሱ ሙቀት ይከፍላል። ሃ ሲባል ግን አፍ ሰፊ፣ ትንፋሹ ዝግ ያለ ስለሆነ ከሌላ አየር ሳይቀላቀል እጅ ላይ ይደርሳል። በውስጡ ያለው እርጥበትም ቀዝቃዛው መዳፍ ላይ ጤዛ ሆኖ ሲያርፍ የያዘውን ሙቀት እዚያው ይጥላል።

«ታዲያ አፌ ሙቅ ነው፤ እፍ መንገድ ላይ ነው የበረደው» አለ ልጁ።

እኔም ትናንት የበረደኝ መንገድ ላይ ነው። ከዚያ የተሻለ ማጠቃለያ አላገኘሁለትም።

* * *

በሩን ከፍቼ ስወጣ አገር የለም። ትናንት ከአጥሩ ማዶ የነበረው ገደል፣ ከገደሉ ማዶ የነበረው ሸንተረር፣ ከዚያም ወዲያ ያለው የአፋር ሜዳ በጉም ተውጧል። ጎረቤላ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ፣ ደጋው ድንገት አልቆ መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆ በሚወርድበት አፋፍ ላይ ትገኛለች። ነገሥታት አፋፍ ይወዳሉ። እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫቸው እዚሁ አንኮበር ነበር። ምኒልክም ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ከመዝለቃቸው በፊት እዚህ ነበሩ። ስሙ «የአንኮ በር» ማለት ነው ይባላል፤ አንኮ በአፈ ታሪኩ ቦታውን ትገዛ የነበረች የኦሮሞ ባላባት ናት። በርነቱን ግን አፈ ታሪክ አያስፈልገውም። ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ ሁሉ እዚህ ያልፋል፤ ሰውም፣ ጨውም፣ ጉምም።

«ጉሙ ከየት ይመጣል?» አልኳቸው እትዬን፤ የልጁ በሽታ ተጋብቶብኝ።

«ከቆላ ነዋ። ቆላው ሙቀቱ ሲበዛበት ወደኛ ይልከዋል።»

ሳይንሱም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከምሥራቅ፣ ከባሕሩ በኩል የሚመጣ እርጥብ አየር ዝቅታውን አቋርጦ ከዚህ ግድግዳ ጋር ይፋጠጣል። ማለፊያ ስለሌለው ወደ ላይ ይወጣል። ፀሐይ ዳገቱን ስታሞቀው ደግሞ የዳገቱ አየር ቀለል ብሎ ሽቅብ ይንፏቀቃል። እየወጣ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ሙቁ አየር የሚሸከመውን ያህል ተን መሸከም አይችልም። ትርፉን እጅግ ጥቃቅን ጠብታ አድርጎ ይጥለዋል። ጉም ማለት ያ ነው፤ መሬት የነካ ደመና። ሜዳ ላይ ቆሞ ለሚያይ ደመና ነው፣ ውስጡ ላለነው ጉም ነው። ልጁ «ሃ» ሲል ከአፉ የሚወጣው ነጭ ጭስም ከዚሁ የተለየ አይደለም። የልጅ አፍ የሚያክል የጎረቤላ ጉም በሉት።

ውሃ ካነሳን አይቀር ሁልጊዜ የሚገርመኝን አንድ ነገር ልጨምር። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ሲመጡ መንገዱ አንድ ከፍተኛ ሸንተረር ይሻገራል። ከሸንተረሩ ምዕራብ የወረደ ዝናብ ወደ በሬሳ ወንዝ፣ ከዚያ ወደ ጀማ፣ ከዚያ ወደ ዓባይ ገብቶ፣ ጸሐይና ቦይ ካልቀማው፣ ሜድትራንያን ባሕር ድረስ ይሄዳል። ከሸንተረሩ ምሥራቅ የወረደው በአይራራ በኩል ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር አያውቅም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይተንናል። ከአንድ ደመና ጎን ለጎን የወረዱ ሁለት ጠብታዎች፣ ነፋስ አንዷን ትንሽ ገፋ ስላደረጋት ብቻ፣ አንዷ ግብፅ ትገባለች፣ አንዷ አፋር በረሃ ላይ ትቀራለች። ሸንተረሩ ላይ ይህን የሚል ምልክት የለም። ቢኖር መኪና አስቁሜ ፎቶ እነሳ ነበር።

* * *

ባቄላው አሁንም አልበሰለም።

እትዬ በማንኪያ አንድ ፍሬ አውጥተው በጣታቸው ጫን አሉና «ይኼ ድንጋይ!» ብለው መለሱት። ትናንት ማታ ዘፍዝፈውታል፤ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ጠጥቷል፤ ከንጋት በፊት ጀምሮ እሳት ላይ ነው። ወረድ ብላ አልዩ አምባ ያገባች ልጅ አለቻቸው። «እሷ ዘንድ ቶሎ ነው የሚበስለው፤ እኔ ዘንድ ማገዶ ይጨርሳል። የውሃው ነው የሚሉም አሉ» አሉኝ።

ኖራ የበዛበት ውሃ እህልን ማጠንከሩ እውነት ነው። እዚህ ቤት ዋናው ጥፋተኛ ግን ድስቱ ላይ የተጫነው አየር ነው፤ ወይም የአየሩ ማነስ።

ውሃ ፈላ የምንለው ተኑ ከላይ የሚጫነውን አየር አሸንፎ እየተንቦገቦገ መውጣት ሲችል ነው። አየሩ ከባድ ከሆነ ብዙ ሙቀት ይጠይቃል፤ ቀላል ከሆነ በትንሹ ያመልጣል። ባሕር ጠረፍ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ወደ ላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። 2840 ሜትር ላይ ያለችው ደብረ ብርሃን ውሃዋን በ90 ዲግሪ ገደማ ታፈላለች፤ ጎረቤላም ብዙ አትርቃትም። ዋናው ነገር ይኼ ነው፤ ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ፣ የወፍ ዋሻን ጫካ ሁሉ ቢማግዱለት ከዚያ በላይ አይሞቅም። ትርፉ እሳት እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል። እንደ ጀት የሚንፈቀፈቅ ድስትና ቀስ ብሎ የሚንተከተክ ድስት ባቄላውን የሚያበስሉት በእኩል ሙቀት ነው፤ የሚለያዩት በማገዶ ወጪ ብቻ ነው። ይህን ለእትዬ ስነግራቸው እሳቱን ቀነሱ። ባያምኑኝም ማገዶው ውድ ነው።

10 ዲግሪ ጥቂት ይመስላል። እህል ማብሰል ግን በግርድፉ ሲታይ፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ጊዜውን እጥፍ ያህል ያስረዝማል። ቻርልስ ዳርዊንን ያህል ሰው በዚህ ላይ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1835 የአንዲስ ተራሮችን ሲሻገር ድንቻቸው ሌሊቱን ሙሉ ፈልቶ ጠዋትም ጥሬ ነበር። ሁለቱ አብረውት የነበሩት ሰዎች መክረው የደረሱበት ድምዳሜ፣ አዲሱ ድስት የተረገመ ስለሆነ ድንች መቀቀል አልፈለገም የሚል ነበር። እትዬ ይህን ስነግራቸው የሳቁትን ሳቅ ወዳጄ አጠገቤ ሆኖ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር። «ድስት ላይ ማላከክ እዚያም አለ?»

ከዚህ ጉዳት የተጠቀሙም ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተራራን ከፍታ ለመለካት ከሚጠቀሙበት መንገድ አንዱ ውሃ አፍልቶ ሙቀቱን መለካት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1838 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ እየተዘዋወረ ካርታ የሠራው አንቷን ዳባዲ ከፍታን እንዲህ እየለካ ነው የሄደው። አንድ ፈረንጅ ኮረብታ ላይ ወጥቶ፣ ውሃ ብቻ አፍልቶ፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ቁጥር ጽፎ ሲወርድ ያየ ባላገር ምን ይል እንደነበር ማወቅ እፈልግ ነበር።

የከተማ ሰው መድኃኒቱ ፕሬዠር ድስት ነው። ክዳኑ እንፋሎቱን አፍኖ ድስቱ ውስጥ የራሱን ከባድ አየር ይፈጥራል፤ ውሃውም ከ110 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ሐሳቡን የፈጠረው ደኒ ፓፓን የሚባል ፈረንሳዊ ሲሆን ጊዜው እ.ኤ.አ. 1679 ነው። ደጋ ላይ ያለ ማጀት ግን፣ ይህ የእኔ ግምት ነው፣ ፓፓንን ሳይጠብቅ ሌላ መንገድ አግኝቷል። ምጣድ!

ምጣድ ውሃ የለበትም፤ ስለዚህ የአየር ክብደት አያዝዘውም። ጎረቤላም ሆነ ምጽዋ፣ ምጣድ የእሳቱን ያህል ይግላል። እንግዲህ የደጋውን ሰው ምግብ ልብ ብለው ይዩት። ገብሱን ይቆላዋል፤ ቆሎ ይሆናል። ቆልቶ ይፈጨዋል፤ በሶ ይሆናል፤ በሶ ደግሞ የፈላ ውሃ እንኳ አይፈልግም፤ በቀዝቃዛ ውሃና በጨው ተበጥብጦ ይጠጣል። አተሩን፣ ሽምብራውን ቆልቶ፣ ከክቶ፣ ይፈጨዋል፤ ሽሮ ይሆናል፤ ሙሉ ፍሬው ግማሽ ቀን የሚጠይቀውን ሽሮ በሩብ ሰዓት ይጨርሰዋል። እንጀራውና ዳቦውም ምጣድ ላይ ናቸው። ፍሬውን እንዳለ በውሃ የሚያበስለው ንፍሮ፣ የእረፍት ቀንና የዝክር ምግብ መሆኑ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ጊዜ ላለው ሰው ነው።

እትዬ ስለዚህ ትንታኔዬ የሰጡት አስተያየት አጭር ነው። «ሽሮ የምንበላው እኮ ስለሚጣፍጥ ነው።»

* * *

ሦስት ሰዓት ሲል ጉሙ ሳሳና ፀሐይ ወጣች። ከተማዋ ነፍስ ዘራች። ጎሚስታው ከሱቁ በር ላይ የአይሱዙ ጎማ አጋድሞ ይሠራል። ልጁ ተከትሎኝ መጥቷል፤ ጥያቄውም አብሮት።

«ጋሼ፣ እኛ ከአልዩ አምባ ይልቅ ለፀሐይ እንቀርባለን አይደል? ታዲያ ለምንድን ነው የሚበርደን?»

ይህንን እኔም በልጅነቴ ጠይቄ «ዝም በል» ተብያለሁ። ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በዚያ ላይ አንድና ሁለት ኪሎ ሜትር ሽቅብ ቢወጡ ወደ ፀሐይ መቅረብ አይባልም። ከዚህም በላይ ፀሐይ አየሩን በቀጥታ ብዙም አታሞቀውም። ብርሃኗ አየሩን አልፎ መሬቱን ያሞቃል፤ አየሩን የሚያሞቀው መሬቱ ነው፣ ምጣድ እንጀራን እንደሚያበስል ከሥር። ምጣዱ ላይ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ የሚጫነው ስለሚቀንስ ይለጠጣል፤ መለጠጥ ጉልበት ይፈጃል፤ ያ ጉልበት የሚከፈለው ከሙቀቱ ነው።

ይህን በቃል ማስረዳት ሲያቅተኝ ጎሚስታው አዳነኝ። የጎማውን ቫልቭ ነቀል ሲያደርገው አየሩ «ፍስስስ» ብሎ ወጣ። «እጅህን አምጣ» አለው ልጁን። አየሩ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ኮምፕሬሰሩ ሲሠራ ቆይቶ የነበረበትን ቱቦ አስነካው፤ ቱቦው ሞቋል። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፣ ሲለቀቅ ይበርዳል። ከቆላ ተለቆ የሚመጣልን አየር ሁሉ ጎማ ውስጥ ተጨምቆ የነበረ ነው ማለት ይቻላል። በአማካይ በየ1000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል።

ፀሐይዋ ግን ደጋ ላይ ደካማ ናት ማለት አይደለም። የሚያጣራት አየር ስለሚሳሳ፣ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረሯ በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የእረኛ ልጆች ጉንጭ በብርድ አገር የሚጠቁረውና የሚሰነጣጠቀው ለዚህ ጭምር ነው። ጥላ ውስጥ ይንቀጠቀጣሉ፣ ፀሐይ ላይ ይቃጠላሉ።

ብርድን ካነሳሁ ውርጭን ልዝለለው አልችልም። የደብረ ብርሃን ገበሬ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ሲጠራ ደስ አይለውም። ቀን የሞቀ መሬት ማታ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ደመና ካለ እንደ ባና ሸፍኖ ይይዝለታል፣ ከሌለ ራቁቱን ያድራል። የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ይከብዳል፤ እንደ ውሃ ወደ ረባዳው ይፈስሳል። ለዚህ ነው ውርጭ ከተዳፋቱ ይልቅ ሜዳው ላይ ያለውን እህል የሚያቃጥለው። ጎረቤላ አፋፍ ላይ ስለሆነች ብርዷ ሌሊት ወደ ቆላ ይፈስስላታል፤ የደብረ ብርሃን ሜዳ ግን የሚያፈስበት የለውም።

ደብረ ብርሃን ግን ለጠራ ሰማይ ባለዕዳ ናት። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እዚያ ሳሉ ሌሊት ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ ከተማዋም ከዚያ ስሟን አገኘች። ብርሃኑ ምን ነበር? ንጉሡ ከእግዚአብሔር የመጣ ምልክት ነው ብለዋል። በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች ደግሞ የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ፤ ኮከቡ እ.ኤ.አ. በ1456 በእርግጥ ታይቷል። ይህን ለልጁ ስነግረው «ታዲያ አሁን የት ነው?» አለ። በ76 ዓመት ገደማ አንዴ ነው የሚመጣው፤ ቀጥሎ የሚታየው እ.ኤ.አ. በ2061 ነው። በጣቱ ቆጠረ፤ ጣቱ አልበቃውም።

* * *

ገበያ ነበርና ወደ አልዩ አምባ የሚወርድ መኪና አገኘሁ። ከመሳፈሬ በፊት እትዬ አንድ ጥቅል ቆሎ፣ ልጁ ደግሞ ባዶ ሃይላንድ ሰጡኝ። (አንድ የታሸገ ውሃ ስም የአገሩ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ስም ሆኖ መቅረቱም ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ደጋ ላይ «ሃይላንድ» ማለት ሲታከልበት ደግሞ ይብሳል፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ደጋ ማለት ነውና።) ሃይላንዱን ክዳኑን ግጥም አድርጌ ዘጋሁት፤ ልጁ ፊት ነው የዘጋሁት፣ ምስክር እንዲሆን።

መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። ሁለት መታጠፊያ ሳንጨርስ ጆሮዬ ተደፈነ። አጠገቤ የተቀመጠች እናት ጡት ያልጣለ ሕፃን ታቅፋለች፤ ሕፃኑ ያለቅሳል። ረዳቱ ከበሩ ላይ ሆኖ «ጡት ስጪው፣ ጆሮውን ነው» አለ። ልክ ነው። ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ አየር ያለበት ትንሽ ክፍል አለ፤ ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ይኖራል። ከተራራ ስንወርድ ውጭ ያለው አየር እየከበደ ታምቡሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ የጆሮው ክፍል ግን ገና የጎረቤላን ቀላል አየር ይዟል። ቱቦው የሚከፈተው ስንውጥ፣ ስናዛጋና ስናኝክ ነው። መውጣት ከመውረድ የሚቀለውም፣ ሲወጡ የውስጡ አየር ራሱ ቱቦውን በርግዶ ስለሚያመልጥ፣ ሲወርዱ ግን የውጭው ግፊት ጫፉን ይበልጥ ስለሚዘጋው ነው።

እኔ የእትዬን ቆሎ ማኘክ ጀመርኩ። ጆሮዬ «ጧ» ብሎ ተከፈተና የሞተሩ ድምፅ ተመለሰ። መኪናው ውስጥ ግማሹ ሰው ቆሎ ይዞ እንደነበረ ያኔ አስተዋልኩ። ለጆሮ ብሎ የያዘው የለም፤ ግን ማንም አልተደፈነም። ለእናትየው ዘገንኩላት፤ ለሕፃኑ ግን ጡቱ በቅቶት ነበር።

1000 ሜትር ያህል ወርደን አልዩ አምባ ስንደርስ ጋቢዬን ከትከሻዬ አወረድኩ፣ ከዚያ ጃኬቴን፣ ከዚያ ሹራቤን። በአንድ ጠዋት ከደጋ ቆላ። ሃይላንዱን ከቦርሳዬ ሳወጣው፣ እጅ የጨበጠው ይመስል ጎኑ ተሰርጉዷል። ማንም አልነካውም። ውስጡ የጎረቤላ ቀላል አየር አለ፤ ከውጭ የአልዩ አምባ ከባድ አየር ተጫነው። ጆሮዬ የደረሰበት ነገር በዓይን ሲታይ ይህን ይመስላል።

አልዩ አምባ ትንሽ ከተማ ትምሰል እንጂ ታሪኳ ትልቅ ነው። ከታጁራ ወደብ ተነስቶ አፋርን አቋርጦ ለሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የደጋው መግቢያ ነበረች፤ አሞሌው፣ ጨርቁ፣ ቡናው እዚህ ይገናኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻምበል ዊሊያም ሃሪስ ወደ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ሲወጣ በዚሁ መንገድ ነው የመጣው። ጉዞው የጀመረው ከባሕር ነው፤ በመንገዱም ከባሕር ወለል 150 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘውን የአሳል ሐይቅ አግኝቷል። እዚያ ውሃ ከ100 ዲግሪ አለፍ ብሎ ነው የሚፈላው፤ አንኮበር ሲደርሱ 9 ዲግሪ ገደማ ቀንሷል። የሃሪስ ወጥ ቤት ሠራተኛ ባቄላ ጥዶ ከነበረ፣ የእትዬን እሮሮ በራሱ ቋንቋ ሳያሰማ አልቀረም።

* * *

ሽቅቡን ከፊሉን በእግሬ ልሂደው አልኩ፤ ስህተት ነበር። አንድ ሽማግሌ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የገበያ አንጠልጥለው፣ ከጎኔ እያለፉ «አይዞህ ልጄ፣ ቀስ በል» አሉኝ። ሲናገሩ ትንፋሻቸው አልተቆራረጠም። የእኔ ተቆራርጦ መመለስ እንኳ አልቻልኩም።

ደጋ ላይ ኦክስጅን ያንሳል እንላለን። ድርሻው አልቀነሰም፤ የትም ቢሄዱ ከአየሩ 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። አየሩ ራሱ ስለሳሳ ነው አንድ ጉርሻ ትንፋሽ የሚያንሰው። ጎረቤላ ላይ አንድ ትንፋሽ የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚይዘው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ታዲያ ሽማግሌው ምን ይዘው ነው? አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር በሰሜን ተራሮች 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምራ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተመች። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ለዚህ ችግር ደማቸውን አወፍረዋል፤ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን በደማቸው በዝቷል። የቲቤት ሰዎች ደማቸውን ሳያወፍሩ፣ ኦክስጅን አንሶት እንዲኖር ለምደውታል። ኢትዮጵያውያኑ ግን ሁለቱንም አላደረጉም። ሄሞግሎቢናቸውም፣ ደማቸው የያዘው ኦክስጅንም፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ተራራ ላይ እየኖሩ ደማቸው ተራራውን ያላየ ይመስላል። ያ ግኝት ለተመራማሪዎች ከጉም የባሰ እንቆቅልሽ ሆነባቸው።

ገደሉ አጠገብ ጭላዳዎች ሣር ይነቅላሉ። ከዝንጀሮ ዘመዶቻቸው ሁሉ የተለዩበት ነገር ይኸው ነው፤ ቁጭ ብለው፣ በቂጣቸው እየተንሸራተቱ፣ እንደ በግ ሣር ይግጣሉ። ሲመሽ አንድ በአንድ ገደሉ ውስጥ ገብተው ያድራሉ፤ ጅብ አይከተላቸውማ። ከእነሱ በላይ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ትጮኻለች። የአንኮበር ሴሪን ትሆን ሌላ አላረጋገጥኩም፤ ያቺ ወፍ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝ ስትሆን እ.ኤ.አ. በ1976 ከዚሁ አፋፍ ታይታ ነው ለሳይንስ የታወቀችው። ለእትዬ ስነግራቸው «እኛ ስናያት ኖረናል፣ ማን ጠየቀን?» ማለታቸው አይቀርም።

ቤት ስደርስ ባቄላው በስሏል፤ ጨውና ሚጥሚጣ ተነስንሶበት በሰፌድ ቀርቧል። ልጁ ግን ባቄላውን አላየውም። ሃይላንዱን ነው የጠየቀኝ።

አልዩ አምባ ላይ ክዳኑን ከፍቼ የተሰረጎደውን ጎኑን ካቀናሁ በኋላ መልሼ ዘግቼው ነበር። አሁን በተቃራኒው ጎኑ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ልጁ ተቀብሎ መታ መታ አደረገው፣ ጆሮው ላይ አስጠጋው፣ ከዚያ ክዳኑን ቀስ ብሎ አዞረው። «ፍስ» አለ። ወዲያው አፍንጫውን የጠርሙሱ አፍ ላይ ደቀነ።

«ምን ይላል?» አሉ እትዬ።

«የቆላ ሎሚ ሎሚ ይላል» አለ ልጁ፤ ጠርሙሱንም ለእሳቸው አቀበላቸው፣ እንዲያሸቱት።